ነገረኝ አንድ ቃል ነው፣ “ሂ ቶልድ ሚ” ሦስት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የምሠራው ከውጭ ደንበኞች ጋር በስልክ በመነጋገር ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው በደንብ ተምሬያለሁ፤ የኃላፊ ጊዜ ግሶችን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ስናገር ግን “ሂ ሴድ ሚ”፣ “አይ ዌይትድ ኸር” እላለሁ፤ ባልደረቦቼም ያርሙኛል። “ቱ” እና “ፎር” የት እንደሚገቡ፣ የት እንደሚቀሩ ሊገባኝ አልቻለም። ደንበኞቹ ሲናገሩ ደግሞ ቃላቱ ተጣብቀው ያመልጡኛል። ሕግ የለውም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የእንግሊዝኛ ድምፅ ቅጂ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ የተቸገርሽበት ቦታ ላይ እኔም ብዙ ሌሊት አድሬበታለሁ።

ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። እስኪ “ነገረኝ” በይ። አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን ድርጊቱም፣ ያለፈ መሆኑም፣ ነጋሪው እሱ መሆኑም፣ የተነገረው ለእኔ መሆኑም አለ። ይህን ሁሉ ስትገጣጥሚ አይታወቅሽም። እንግሊዝኛ ያንኑ በታትኖ ይጽፈዋል፦ “ሂ ቶልድ ሚ”። እኛም በታትነን እናጠናዋለን። ግሱን ከአንድ ሠንጠረዥ፣ ተውላጠ ስሙን ከሌላ፣ መስተዋድዱን (እነ “ቱ”ን፣ “ፎር”ን) ከሌላ ገጽ። ከዚያ መናገር ስንጀምር በአማርኛው ልክ እንሰፋዋለን። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

“ጠበቅኳት” ውስጥ “ለ” የለም። ስለዚህ “አይ ዌይትድ ኸር” ማለትሽ አማርኛሽን ተከትለሽ ነው። እንግሊዝኛው ግን “አይ ዌይትድ ፎር ኸር” ነው። “አዳመጠኝ” ውስጥም ምንም የለም፤ እነሱ “ሂ ሊስንድ ቱ ሚ” ይላሉ። ተቃራኒውም አለ። እኛ “ደወልኩለት” ስንል “ለ” እናስገባለን፤ እነሱ “አይ ኮልድ ሂም” ብለው ያልፋሉ። እኛ ስለ ጉዳዩ እንወያያለን፤ እነሱ “ዊ ዲስከስት ኢት” ይላሉ፣ “አባውት” የሚባል ነገር አይገባበትም።

“ቶልድ” እና “ሴድ” ብዙ ሰው ያደናግራሉ። “ቶልድ” ሰውየውን በቀጥታ ይይዛል፦ “ሂ ቶልድ ሚ”። “ሴድ” ደግሞ ሰውየውን ካነሳሽ “ቱ” ይፈልጋል፦ “ሂ ሴድ ኢት ቱ ሚ”። “አስረዳኝ” ለማለት “ሂ ኤክስፕሌይንድ ሚ” ካልሽ “እኔን አብራራ” እንደማለት ነው። ትክክሉ “ሂ ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ሚ” ነው። እኔ ይህችን ብቻ ለማረም ወራት ፈጅቶብኛል።

ሕግ የለውም ወይ ላልሽው፣ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ሕግ የለም። እያንዳንዱ ግስ የራሱን መስተዋድድ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ “ዌይትድ” ብለሽ ብቻውን አትጻፊ። “ዌይትድ ፎር ሂም” ብለሽ ጻፊ፤ አጠገቡ “ጠበቅኩት” በይ። ከዚያ ሰውየውን ብቻ ቀይሪ። ዌይትድ ፎር ኸር፣ ጠበቅኳት። ዌይትድ ፎር ዘም፣ ጠበቅኳቸው። ድምፅ አውጥተሽ፣ ሳታቋርጪ፣ እንደ አንድ ቃል። ለእኔ ከየትኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ የረዳኝ ይህ ነው።

አማርኛ የሚያግዝሽ ቦታም አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። “ከፈተልኝ” እና “ዘጋብኝ” ስንል በ“ል” እና በ“ብ” የተጠቀመውንና የተጎዳውን እንለያለን። እንግሊዝኛም በ“ፎር” እና በ“ኦን” እንዲሁ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። “ሂ ኦፕንድ ኢት ፎር ሚ” ከፈተልኝ ነው። ደንበኛ ንግግርሽን ሳትጨርሺ ስልኩን ስትዘጋብሽ “ሺ ሀንግ አፕ ኦን ሚ” ትያለሽ። እዚያ “ኦን” “ላይ” ማለት አይደለም፤ የእኛው “ብኝ” ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽብሽም “ኢት ብሮክ ዳውን ኦን ሚ” ነው። ሁሌ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ቁልጭ ብሎ ነው የሚገባሽ።

አሁን የቦታውን ነገር እንየው። “አጠፋሁት” ለማለት “አይ ተርንድ ኢት ኦፍ” ነው። “አይ ተርንድ ኦፍ ኢት” አይባልም። መብራቱን በስሙ ከጠራሽው ከ“ኦፍ” በፊትም በኋላም መግባት ይችላል። “ኢት” ካልሽው ግን መሐል መግባት አለበት። “ፒክት ኢት አፕ”፣ “ኮልድ ሂም ባክ” የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። “ሉክት አት ኢት” (ተመለከተው) ግን መሐሉ ተከፍቶ “ኢት” አይገባበትም። መለየት ሲያቅትሽ ጆሮሽን ተጠቀሚ። “ተርንድ ኢት ኦፍ” ሲባል ድምፁ መጨረሻው “ኦፍ” ላይ ይጠነክራል። “ሉክት አት ኢት” ሲባል ግን “ሉክት” ላይ ይጠነክርና “አት” ትዋጣለች።

መዋጥ ካልን፣ ያመልጡኛል ያልሽው እዚህ ነው። ግስ መጨረሻ ላይ የምትጻፈው የኃላፊ ጊዜዋ “ኢዲ” (-ed) ሦስት ድምፅ አላት፦ “ሉክት” ላይ “ት”፣ “ኮልድ” ላይ “ድ”፣ “ዌይቲድ” ላይ “ኢድ”። ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ድምፁ ወደሚቀጥለው ቃል ይሻገራል። “ፒክት ኢት አፕ” “ፒክቲታፕ” ይሆናል። “ሂም” እና “ኸር” ደግሞ ፈጠን ባለ ንግግር “ህ”ያቸውን ይጥላሉ። “ቶልድ ሂም” “ቶልዲም” ይሆናል፤ “አስክት ኸር” “አስክተር” ይሆናል። አንድ ቀን “አስክተር” የምትል ድምፅ ገጥማኝ ቅጂውን እየመለስኩ ከአሥር ጊዜ በላይ ሰማኋት። የዕቃ ስም መስላኝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። “ጠየቃት” ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል በቃል መስማት ተውኩና “ጠየቃት” የምትለዋን ሙሉ ድምፅ መፈለግ ጀመርኩ።

በነገራችን ላይ፣ “ቶልደም” ስትሰሚ “ዘም”ን አሳጥረው የተናገሩት ይመስልሻል። ያቺ “ኧም” ግን ከ“ዘም” ትቀድማለች። ከጥንቱ እንግሊዝኛ የቀረች ናት፤ “ዘም” ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ በኋላ የገባ ነው። ስለዚህ “ኧም” የሰነፍ አነጋገር ናት ብለሽ አትናቂያት።

ጥያቄ፦ “ዲድ ዩ ሶው ሂም?” ስል ለምን ስህተት ይሆናል? ድርጊቱ ያለፈ አይደለም እንዴ? ደግሞ ጓደኛዬ “ሁ ዲድ ዩ ቶክ ቱ?” ይላል። “ቱ” መጨረሻ ላይ መንጠልጠሏ ትክክል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለፈ ነው፤ ግን ማለፉን “ዲድ” ተሸክሞታል። ሁለት ጊዜ አይነገርም። “ዲድ ዩ ሲ ሂም?”፣ “አይ ዲድንት ሲ ሂም” በል። “ሶው” የሚመጣው “ዲድ” በሌለበት ነው፦ “አይ ሶው ሂም”።

ጓደኛህም ልክ ነው። እኛ “ከማን ጋር አወራህ?” ስንል “ከ” ከ“ማን” ጋር ትጣበቃለች። እነሱ “ሁ”ን ወደ ፊት ያመጡና “ቱ”ን የነበረችበት ይተዋሉ። “የነገርኩህ ሰውዬ” ማለት ከፈለግህም “ዘ ማን አይ ቶልድ ዩ አባውት” ነው። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም የሚሉ መምህራን አሉ። ገጣሚው ጆን ድራይደን በ1672 እ.ኤ.አ. ይህን እንደ ጉድለት ነቅፎ ጽፏል፤ ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አልበረደም። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን “ቱ ሁም ዲድ ዩ ቶክ?” የሚል ሰው ብዙ አትሰማም። አንተም ባትለው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ “ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ” ነው ወይስ “ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ”?

መልስ፦ “ሚ” ነው። ከመስተዋድድ በኋላ ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዘም ናቸው የሚመጡት። “ሂ ጌቭ ኢት ቱ ማይ ሲስተር ኤንድ” ካልሽ በኋላ ከተጠራጠርሽ እህትሽን ለአፍታ አውጫት። “ሂ ጌቭ ኢት ቱ አይ” ብለሽ ስትሞክሪው ጆሮሽ ራሱ እምቢ ይልሻል።