ወንጀለኛ ከልጅነቱ ይታወቃል? ጥያቄና መልስ

ሰው የገደሉ፣ ያቆሰሉ፣ በጉልበት የዘረፉ ሰዎች ልጅነታቸው ምን ይመስላል? ከወላጆችና ከመምህራን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች እነሆ። መልሶቹ የተመሠረቱት በአመዛኙ ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች ላይ ነው። የታሰረን ሰው ስለ ልጅነቱ መጠየቅ ብቻውን አያስተማምንም፤ እንደ እሱ ተደብድበው፣ እንደ እሱ ተርበው አድገው እስር ቤት ያልደረሱት እዚያ አይገኙምና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ይነክሳል፣ ይማታል፣ ዕቃ ይወረውራል። ሲያድግ ጠበኛ ይሆናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በካናዳ ሞንትሪያል ሪቻርድ ትሬምብሌይ ባልደረቦቹን ይዞ እንዳሳየው፣ ሰው በዕድሜው ሁሉ አብዝቶ የሚማታው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ጉዳት የማያደርሰው አቅም ስለሌለው ነው። ልጅ በጊዜ ብዛት የሚማረው አለመማታትን ነው፤ ይህም የሚመጣው አፉ ሲፈታ፣ ተራ መጠበቅ ሲችል፣ ትልልቆች በተማታ ቁጥር እጁን ያዝ አድርገው «አይመታም» ሲሉት ነው። ስለዚህ የሚታየው እየቀነሰ መሄዱ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶም ካልቀነሰ፣ ቤትም ውጭም ከሆነ፣ ሌላው ልጅ እያለቀሰ እንኳ ካላቆመ፣ ያኔ በቁም ነገር ይያዙት።

ጥያቄ፦ ገና በሦስት ዓመቱ ወንጀለኛ የሚሆነው ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ ወሬ የመጣው ከኒውዚላንድ ነው። ደኒዲን ከተማ ውስጥ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲጠኑ ኖረዋል። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው መርማሪዎች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አብረዋቸው ቆይተው ጠባያቸውን መዘገቡ። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ቁጡ፣ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ስሜቱን መግታት የማይችል ነበር። እነዚህ በ21 ዓመታቸው ከሌሎቹ ይልቅ በወንጀል ተሳትፈው ተገኙ።

ግን ሌላውንም ቁጥር አብረው ይያዙ። በልጅነታቸው ራስን በመግታት ዝቅተኛው አንድ አምስተኛ ላይ ከነበሩት 43 በመቶው እስከ 32 ዓመታቸው በወንጀል ተፈርዶባቸዋል፤ ከፍተኛው አንድ አምስተኛ ላይ ከነበሩት ደግሞ 13 በመቶው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሆኖም ከዝቅተኞቹም ከግማሽ በላዩ አልተፈረደበትም፤ የተፈረደበትም ሁሉ ሰው አልጎዳም። የሦስት ዓመት ጠባይ ማን ቀድሞ እገዛ እንደሚያስፈልገው ይጠቁማል እንጂ በአንድ ልጅ ላይ ፍርድ አይሰጥም። «ይሄ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» እያሉ በልጅ ፊት ማውራት ነውር ከመሆኑም በላይ ከእውነት የራቀ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ የሚደባደቡ ብዙ ናቸው። የትኞቹ ያሳስቡኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ይጠይቁ። ቴሪ ሞፊት በ1993 ሁለት ዓይነቶችን ለይታለች። ብዙዎቹ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ላይ ከጓደኛ ጋር ይገቡበታል፤ አብዛኞቹ ሥራና ትዳር ሲመጣ ይወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አሉበት፤ ብዙ ጊዜ ንግግራቸው ዘግይቷል፣ ማንበብ ይቸግራቸዋል፣ ቤታቸው ጭቅጭቅ አይለየውም። ለንደን ውስጥ ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ጉልምስና የተጠኑት 411 ወንዶችም ይህን ያሳያሉ፤ ከጠቅላላው የወንጀል ፍርድ ግማሽ ያህሉን የወሰዱት 7 በመቶ የማይበልጡ ናቸው። አንደኛ ክፍል እያለ ያስተማረችውን መምህርት ማነጋገር ከብዙ መጠይቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «የእባብ ልጅ እባብ» ይባላል። አባቱ ነፍሰ ገዳይ የሆነ ልጅ ደሙ ውስጥ አለ?

መልስ፦ ከወላጅ የሚወረስ ነገር አለ፤ የሚወረሰው ግን ግድያ አይደለም። ግልፍተኝነት፣ ፍርሃት ማጣት፣ የትኩረት ማነስ ነው የሚወረሰው። እነዚህ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስነው ከምን ጋር እንደተገናኙ ነው።

የዴንማርኩን ጥናት ይመልከቱ። ኤድሪያን ሬይን በ1994 የ4,269 ወንዶችን መዝገብ መረመረ። ሲወለዱ ችግር የገጠማቸው፣ ለምሳሌ የታፈኑ፣ በዚያ ላይ በአንደኛ ዓመታቸው እናታቸው ያልተቀበለቻቸው 4.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከኃይል ወንጀሎቹ 18 በመቶው ግን የእነሱ ሆኖ ተገኘ። በወሊድ ጊዜ ተቸግረው እናታቸው እቅፍ ውስጥ ያደጉት ግን ከሌላው የከፋ አልሆኑም። የወሊድ አገልግሎትና የአራስ እናት እንክብካቤ ወንጀል ከመከላከል ሥራ ውስጥ መቆጠር አለበት የምንለው ለዚህ ነው። «የወንጀል ጂን» ተብሎ በጋዜጣ የናኘው ኤምኤኦኤ (MAOA) የተባለው ጂንም ቢሆን በ2002 ጥናት ጎልቶ የታየው በልጅነታቸው በተበደሉት ላይ ነው፤ ያንንም በኋላ የደገፉት ጥናቶች አሉ፣ ያልደገፉትም አሉ።

ጥያቄ፦ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ተረትስ? ልጅ በጊዜ ካልተገረፈ ይበላሻል ማለት አይደለም?

መልስ፦ ሊሰቀል ሲል እናቱን የወቀሰው ሌባ ስለ ጊዜው ልክ ነው። እንቁላሉ ላይ ዝም ማለት ስህተት ነበር። ግርፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ ኦሪገን ጄራልድ ፓተርሰን ቤት ለቤት ተመልክቶ የደረሰበት ይህ ነው። እናት «ቴሌቪዥኑን አጥፋ» ትላለች። ልጁ ይጮሃል። እናት ትደጋግማለች፤ እሱ ሪሞቱን ይወረውራል። ደክሟታልና ትተወዋለች፤ እሱም ዝም ይላል። ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ፤ እናትም መተው ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማረች። በማግስቱ ጩኸቱ ይብሳል። አንድ ቀን ትመረርና በቀበቶ ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የበረታ እንደሚያሸንፍ ተማረ። ይህ በቀን ደጋግሞ፣ ለዓመታት ሲሆን ልጁ ያንኑ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ትእዛዙ አንድና አጭር ይሁን፣ ቀርበው ዓይኑን እያዩ ይንገሩት። አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። ከታዘዘ ወዲያው «ጎበዝ፣ ስነግርህ አጠፋህ» ብለው ያደረገውን ጠርተው ያመስግኑ። እምቢ ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ያስጠንቅቁ፤ ከዚያ የተናገሩትን ቅጣት ይፈጽሙ። ለአራት ዓመት ልጅ ሦስት፣ አራት ደቂቃ ከጨዋታ ውጭ መቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይጨምራል፤ ብዙ ወላጅ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው። አባት የከለከለውን አያት ከፈቀደች ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። በርበሬ ማጠን፣ አስሮ መግረፍ፣ ማስራብ ቅጣት ሳይሆን በደል ነው። የትምህርት ቤት ግርፋትን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሏል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ቢቀጣም አይደነግጥ፣ ምንም አይፈራም። ሌላውን ሲያስለቅስም ፊቱ ላይ ምንም አይታይም።

መልስ፦ በጣም የሚያስጨንቀው ዓይነት ይህ ነው፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚፈራ ልጅ በለሰለሰ ተግሣጽ ይታረማል። የማይፈራውን ልጅ ቅጣት አይነካውም፤ ሲጨምሩበት ይደነድናል። ግራዢና ኮሃንስካ እንዳሳየችው እንዲህ ያለ ልጅ ኅሊና የሚያበጀው ከወላጁ ጋር ባለው ሞቅ ያለ ግንኙነት ነው፤ የሚወደውን ሰው ላለማሳዘን ሲል። በቀን ሃያ ደቂቃ ያለ ትእዛዝና ያለ ስልክ አብረውት ይጫወቱ። በቅጣት ፈንታ ሽልማት ያብዙ። የሰው ፊት እያሳዩ «አሁን ምን ተሰምቶት ይመስልሃል?» ብለው ያለማምዱት። ድፍረቱንም በአሠልጣኝ ሥር ስፖርት ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ የሚሸና፣ እሳት የሚለኩስ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚባለው?

መልስ፦ በ1963 ጆን ማክዶናልድ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ በኋላ ሲፈተሽ አልጸናም። አልጋ ማርጠብን ፈጽሞ ይርሱት፣ ጉዳዩ የሕክምና ነው። እንስሳን ደጋግሞ፣ ተደብቆ ማሠቃየት ግን በራሱ ከባድ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ልጅ እቤት ውስጥ የሚደርስበት ነገር አለ።

ጥያቄ፦ የተደበደበ ልጅ ደብዳቢ ይሆናል?

መልስ፦ ዕድሉ ይጨምራል፣ ግን ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ካቲ ስፓትስ ዊዶም በ1989 ባሳተመችው ጥናት 908 የተበደሉ ወይም ችላ የተባሉ የአሜሪካ ልጆችን ካልተበደሉ 667 ጋር አነጻጸረች። በኃይል ወንጀል የተያዙት ከተበደሉት 11 በመቶ፣ ከሌሎቹ 8 በመቶ ገደማ ናቸው። ችላ የተባሉት፣ ማለትም ያልተመገቡትና ጠባቂ ያጡት፣ ከተመቱት ብዙም የተሻለ አልገጠማቸውም። በሃዋይ በ1955 የተወለዱትን ስትከታተል የኖረችው ኤሚ ወርነር እንዳገኘችው፣ ችግር ከተደራረበባቸው ልጆች አንድ ሦስተኛው ደህና ሆነው አድገዋል፤ አብዛኞቹ አያትም ሆነ ጎረቤት የማይተዋቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበራቸው።

ጥያቄ፦ እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራትስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ተሞክሮ ሲለካ የተወሰዱት ካልተወሰዱት ብሰው ተገኙ። ረባሾችን ብቻ ሰብስቦ ማሠልጠንም እርስ በርስ ያስተማምራቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለሙያ ዘንድ የምንሄደው መቼ ነው? ምን ይዘን?

መልስ፦ ጠቡ ስድስት ወር ያለ ለውጥ ከቆየ፣ መሣሪያ ከያዘ፣ እሳት ከለኮሰ፣ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ጠባዩ ከተለወጠ አይዘግዩ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ስንት ሰዓት ላይ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ እሱ በመጨረሻ ምን አገኘ። መጀመሪያ ጆሮው፣ ንግግሩና እንቅልፉ ይመርመር፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ብዙ ጊዜ እምቢተኛ ተብሎ ይደበደባል።