ያለ ደመወዝ ልጆችን ማስነበብ ለሥራ ፍለጋዬ ይጠቅመኛል?

ውድ እኅቴ፣

በ2016 ዓ.ም. በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ እስካሁን ሥራ እያፈላለግሽ መሆኑን፣ በባሕር ዳር ሰፈራችሁ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለንባብ ክበቡ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የሚያግዙት በጎ ፈቃደኞች መፈለጉን፣ እናትሽ ግን «ደመወዝ ከሌለው ምን ይጠቅምሻል?» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። አገልግሎቱ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልኝ እንደሆነም ጠይቀሻል።

እናትሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በማስታወቂያው ላይ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ሲል ደመወዝ የተከፈለበትን፣ ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነም ብዙ ጊዜ የሥራ ግብር ስለ መከፈሉ ማስረጃ ያለውን ልምድ ማለቱ ነው፤ የበጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት ይህን አይተካም። ስለዚህ የምትሄጂው ለወረቀቱ ብቻ ከሆነ ባትሄጂ እመርጣለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚጠፋ አስነባቢ ልጆቹን ያሳዝናልና።

ይሁን እንጂ በዜሮ ዓመት ልምድ በሚወዳደሩባቸው የሥራ መደቦች ላይ የሚቀርቡት ሁሉ የአንቺን ዓይነት ዲግሪ ይዘው ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚለያቸው በእጃቸው ሠርተው ያዩትን ነገር ቆጥረው መናገር መቻላቸው ነው። ይህን ደግሞ ከንባብ ክበቡ ልታገኚው ትችያለሽ።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንዳንዱ ልጅ ገጹን በጆሮው ሸምድዶ ያነበበ ይመስላል፤ ጣትሽን ከመካከል አንዲት ቃል ላይ ስታሳርፊ ግን ዝም ይላል። የቀድሞ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ልጁ ሀ ሁ ሂን በተርታ ከለየ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት ቅደም ተከተሉ ሲፋለስበትም እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲያውቀው ነው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ፊደላቱን አደባልቀሽ ጠይቂ፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» መሆኑን ከዐረፍተ ነገሩ እንዲለይ ታገሺው እንጂ ቀድመሽ አታንብቢለት። ለሠላሳ ልጆች ጮክ ብሎ ከማንበብ ይልቅ ለአምስት ወይም ለስድስት ልጆች አጠገባቸው ተቀምጦ ማዳመጥ ይበልጣል፤ ትምህርት ቤቱ ብዙ ልጆች ሊሰጥሽ ቢፈልግም በዚህ ጽኚ።

ሁለተኛው ነገር በቀጥታ ሙያሽን የሚመለከት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍቱ ተቆልፈው የሚቀመጡት በክፋት አይደለም፤ የተረከባቸው ሠራተኛ ቢጠፉ በንብረት ጉድለት ይጠየቃልና ይፈራል። የሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው ይህን ፍርሃት ሊያቀልለት ይችላል። በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ መጻሕፍቱን ቁጥር ሰጥተሽ መዝግቢ፣ የውሰት መመዝገቢያ ደብተር አዘጋጂ፣ በየወሩ መጨረሻም ከንብረት ሠራተኛው ጋር ቆጠራ አድርጉና የተቀደደውንና የጠፋውን በጋራ ፈርሙበት። ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤታቸው መሄድ የሚችሉት እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲኖር ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምመኘውም ይህን ነው። ቀጣሪ ስለ ንብረት ቁጥጥር ሲጠይቅሽ ደግሞ ስንት መጻሕፍት እንደተረከብሽ፣ ስንቱ እንደተዋሰና ስንቱ እንደተመለሰ ከደብተርሽ ትነግሪዋለሽ።

ከመጀመርሽ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ተስማሚ፤ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ በምትጠሪበት ቀን ማን እንደሚተካሽም አስቀድመሽ ተነጋገሪ። የቀሩት ሦስት የሥራ ቀናት ማስታወቂያ ለማንበብና ለማመልከት እንደሚበቁሽ ለእናትሽ አስረጂያቸው። ስትጨርሺ የሚጻፍልሽ ደብዳቤም «በጎ አገልግሎት ሰጥታለች» ከማለት አልፎ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገልሽ፣ ስንት ልጆች እንዳስነበብሽና የመጻሕፍቱን ምዝገባ እንዳደራጀሽ እንዲገልጽ በትሕትና ጠይቂ። እነዚህን ዝርዝሮች ራስሽ በማስታወሻ ይዘሽ ብትቀርቢ ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ለመጻፍ አይቸገሩም።