ካስቶሎ ማን ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 33 ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ትዳር ከመሠረትኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፣ ደመወዙን አምጥቶ ይሰጠኛል። ችግሩ ጌም ነው። ልጃችንን ካስተኛ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አሮጌ ላፕቶፑን ይከፍትና እስከ 5፣ አንዳንዴም እስከ 6 ሰዓት ኳስ ይጫወታል። 37 ዓመቱ ነው! ያደገበት የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። በፊት እያንዳንዱን ነገር ይነግረኝ ነበር፤ እገሌን ገዛሁ፣ እገሌን ሸጥኩ፣ በመጨረሻው ደቂቃ አገባሁ። እሱ ካልሆነ ስላየው ተከታታይ ፊልም ነው። እኔ ሳህን እያጠብኩ “እሺ” እለዋለሁ። አንድ ቀን ሲመረኝ “ልጅህ እንኳን እንዲህ አያወራም” አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ማውራቱን ትቷል። እኔም ሥራዬን ስጨርስ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ልብስ እያጣጠፍኩ በስልኬ አንድ ድራማ አያለሁ፤ ሌላ መዝናኛ የለኝም።

በቅርቡ ሌላ ሴት ይዞ ይሆን ብዬ ስልኩን ከፈትኩ። ያገኘሁት ዋሽንግተን ላለ የሰፈሩ ልጅ በቴሌግራም የሚልከውን የድምፅ መልእክት ነው። አንዱ አራት አምስት ደቂቃ ይረዝማል! ሁሉም ተራ ወሬ ነው። ስለ ጌም፣ ስለ ፊልም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስላያቸው ሰዎች፣ የልጃችን ጥርስ ሲወልቅ መወርወሪያ ጣሪያ አጥተው በረንዳ ላይ ስለ መቆማቸው። “ካስቶሎን ታስታውሰዋለህ?” እያለ ይስቃል። ካስቶሎ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሴት ባለመሆኗ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄ አደርኩ። ይህ ሱስ ነው ወይ? እንዴት ላስተወው?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከዚህ ይረዝም ነበር፤ ማንነትሽን የሚገልጡትን ነገሮች አውጥቼ አሳጠርኩት።

ከጥያቄሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘውን መታወክ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካቶታል፤ ምደባው ሥራ ላይ የዋለውም ከ2022 ጀምሮ ነው። መለኪያው ግን የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው መሆኑን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ባለቤትሽ ልጁን አስተኝቶ ነው የሚጀምረው። ሥራው ላይ ይገኛል፣ ከቤት አይጠፋም። ሳላየው መፍረድ አልችልም፤ ከጻፍሽልኝ ብቻ ስነሣ ግን ሱስ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። “ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ማውራቱን ትቷል” ብለሻል። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። “ቢያንስ” ስትዪ አንድ ሸክም የወረደልሽ ይመስላል። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳዘነኝ ቃል ግን እሱ ነው። አንድ ሰው ለስምንት ዓመት የትዳር ጓደኛው ጋ እየመጣ ሲያወራ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ዝም ሲል፣ ቤቱ ጸጥ አለ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ቀጥሎ ሌላ ሴት ፍለጋ ስልኩን ከፈትሽ። ሴት የለችም። ታዲያ ለምን ተናደድሽ? አንቺም ነገሩ ገርሞሻል፤ መልሱ ጋ ሳትደርሺ ግን ወደ “እንዴት ላስተወው” አለፍሽ። የመሰለኝን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። የቀናሽው በተራ ወሬ ነው። ያ አራት አምስት ደቂቃ የአንቺ ነበር። ሳህን ስታጥቢ ከጀርባሽ ቆሞ ያወራው የነበረው ያንኑ ነው፤ አሁን ውቅያኖስ ተሻግሮ ይሄዳል። አባትና ልጅ የወለቀች ጥርስ ይዘው፣ ጣሪያ ፍለጋ ከበረንዳ ወደ ላይ ማንጋጠጣቸውን የሰማሽው ለሌላ ሰው ከተላከ ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ ነበርሽ እኮ! ይህን የማነሣው ያቺ ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደነሣችሽ እንዲገባሽ ብዬ ነው። ቅናትሽ ትክክለኛ ቅናት ነው። ያለ ቦታው የገባው ጌሙ ላይ ማረፉ ነው።

ልጅ ሆነሽ ተረት ሲነገርሽ ታስታውሺያለሽ? ተራቹ “ተረት ተረት” ይላል። ልጆቹ “የላም በረት” ካላሉ ተረቱ አይጀመርም። እኔ ልጅ ሳለሁ አያታችን ላይ ያኮረፍንበት አንድ ማታ ነበር፤ ምን ከልክላን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። “ተረት ተረት” አለች። ተነጋግረን ስለነበር ሁላችንም ዝም። ደግማ አለች። ዝም። ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ተኛች። በማግሥቱ ማታ አልጀመረችም፤ በሦስተኛውም ቀን። እኛው ዙሪያዋን ከበን “የላም በረት! የላም በረት!” እያልን ለምነን ነው የመለስናት።

ዛሬ ሰዎችን እያዳመጥኩ ስኖር ያቺ መልስ ትገርመኛለች። ተረቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ላምም በረትም የለም። ልጁ የሚለው “አለሁ፣ እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል” ነው። ባለቤትሽ በየማታው “ተረት ተረት” ሲልሽ ኖሯል። “እሺ” ብለሽዋል፤ መልስ ይመስላል። ግን እሺ ወሬ የሚዘጋ ቃል ነው። ወሬ የሚከፍቱት “እና?” እና “ከዚያስ?” ናቸው፤ አፍ ውስጥ ከእሺ አይረዝሙም።

በአገራችን ወሬ ስሙ ከፍቷል። ወሬኛ ስድብ ነው፤ ወንድ ላይ ሲሆን ይብሳል። ቁም ነገር ያለው ሰው ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ዘመድ ሕመም ብቻ እንዲያወራ እንጠብቃለን። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሦስት ዙር የምናፈላው ለምን ይመስልሻል? የቡናውን አምሮት አንድ ስኒ ይቆርጠዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለወሬው ነው። ስለ ኪራይ ተነጋግረው የሚያድሩ ባልና ሚስት ብዙ አይቻለሁ፤ ቢሮዬ ሲመጡ ስለ ኪራዩ በደንብ ይግባባሉ። አንዱ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ምን እንዳሳቀው ግን ሌላው አያውቅም፤ ከጊዜ በኋላ ማወቁም ያስፈራዋል።

ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለትዳሮችን እንደ መኖሪያ ቤት በተሰናዳ ክፍል ውስጥ እያዋለ ያጠና ነበር። ከጠባቸው ሌላ በጣም ትናንሽ ነገሮችንም መዘገበ። አንዱ በመስኮት አሻግሮ አይቶ አንድ ነገር ሲል ሌላው ቀና ብሎ ያያል ወይስ አያይም? ጎትማን እንደሚገልጸው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ አብረው የቆዩት ጥንዶች እንዲህ ካለው ትንሽ ጥሪ ከ100ው 86ቱን የመለሱ ነበሩ፤ የተፋቱት ግን 33ቱን ብቻ። በመስኮቱ የታየው ነገር ምን ቁም ነገር አለው? ምንም። የተጠራው ሰው ቀና ማለቱ ነው የተቆጠረው።

አሁን ወደ ካስቶሎ። ካስቶሎ የትም አገር ያልተወለደ ኳስ ተጫዋች ነው። የጃፓኑ ኮናሚ ይሠራው በነበረው ፕሮ ኤቮሉሽን ሶከር፣ ተጫዋቾቹ ፔስ በሚሉት ጌም ውስጥ፣ ማስተር ሊግ የሚባል ክፍል አለ። ስትጀምሪ የሚሰጥሽ በፈጠራ ስሞች የተሞላ ደካማ ቡድን ነው፤ በረኛው ኢቫሮቭ፣ አማካዩ ሚናንዳ፣ አጥቂው ካስቶሎ። እነሱን ይዘሽ እየተሸነፍሽ፣ እየቆጠብሽ፣ ቀስ በቀስ የተሻሉ ተጫዋቾችን እየገዛሽ ትወጫለሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጨዋታው ስሙም መልኩም ተለውጦ ኢፉትቦል ተባለ። ስለዚህ ባለቤትሽ በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ የሚጫወተው የድሮውን ሳይሆን አይቀርም።

ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንደባሰበት የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ በአንድ መስመር ነክተሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ ጋ ትንሽ ልቁም። በእሱ ዕድሜ ያለ የፒያሳ ልጅ ፔስን የለመደው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ ሳንቲም አዋጥቶ፣ ተራ ጠብቆ ይሆናል። የዚያን ጊዜው ፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ ስልክሽ ላይ ካለ ሁለት ሦስት ፎቶ አይበልጥም፤ አንድ ልጅ ግን ወራት የደከመበትን ቡድን እዚያ ውስጥ አድርጎ ኪሱ ይከተው ነበር። ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ሄዶ “እዚህ ጋ ነበር የምንጫወተው” ብሎ ለልጁ በጣቱ ሊያሳየው አይችልም። ጓደኛው ዋሽንግተን ነው። ካስቶሎ ግን ላፕቶፑን ሲከፍት እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህ የእኔ ግምት ነው። ግማሹን ነገርኩሽ፤ ያ ግብ ሲገባ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ተሸንፎ እንደተነሣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እስካሁን ደግሞ የጠየቀው ሰው የለም።

እስካሁን ላንቺ ከባድ ሆኜብሽ ይሆናል። አሁን ስለ አንቺ።

በደብዳቤሽ ውስጥ እጅሽ አንድም ጊዜ ባዶ ሆኖ አላየሁትም። ሳህን ታጥቢያለሽ፣ ልብስ ታጣጥፊያለሽ። እሱ ሲያወራ አንቺ ትሠሪያለሽ። ሲያወራ የኖረው ጨርቅ ይዞ ሳህኑን እያደረቀ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወሬ እንደዚያ ይሰለችሽ ነበር? አይመስለኝም። እዚህ ላይ እውነተኛ ቅሬታ አለሽ፤ ቅሬታሽንም ጌም ብለሽ ጠራሽው። በስሙ ጥሪው። “ደክሞኛል፣ ከቢሮም መጥቼ ቤቱ የእኔ ብቻ ሆኖብኛል” ማለት “37 ዓመትህ ነው” ከማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው መልስ አለው፣ ሁለተኛው ያሳፍራል እንጂ መልስ የለውም።

ሌላም አለ፤ እንዲያውም ከሁሉ ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። ከደብዳቤሽ ስለ ባለቤትሽ ብዙ አወቅሁ። የሚያስቀውን፣ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚሸጥ። ስለ አንቺ ግን ዕድሜሽንና ሥራሽን ብቻ። “አንድ ድራማ” አልሽ፤ ስሙን እንኳ አልነገርሽኝም። የትኛዋን ገጸ ባሕርይ ትወጂያለሽ? ባለፈው ክፍል ማን ላይ ተናደድሽ? ቃና በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ በአማርኛ የተቀዳ የቱርክ ድራማ ስንቱን ቤት በአንድ ሰዓት አንድ ሶፋ ላይ ሲሰበስብ፣ ሰው ይወደው የነበረው ድራማውን ብቻ ነበር? በየመሃሉ “ይቺ ሴትዮ እኮ!” የሚባባለውንም ነው። አንቺ ያን በማዳመጫ ውስጥ ብቻሽን ነው የምታዪው። አንቺንስ “የላም በረት” የሚልሽ ማን ነው? እሱ ጠይቆሽ ያውቃል? ካላወቀ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የታሸገ ወሬ እንደያዛችሁ እየመሸ ይነጋል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ጥቂት ነገር ልበል፤ ከቤታችሁ ጋር እያስማማሽ።

ጌሙን ለማስተው አሁን አትሞክሪ። አንድ ማታ፣ ሳህኑን ለነገ ትተሽም ቢሆን፣ አጠገቡ ተቀመጪና “ካስቶሎ ማን ነው?” በይው። እርግጥ ይደነግጣል፤ ስሙን ከየት ሰማሽ ይላል። ስልኩን መክፈትሽን ያኔ ንገሪው፤ ልክ እንዳልነበረም ጨምረሽ። ልክ አልነበረማ! ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው። ጥያቄው ከልብሽ ከሆነ ግን ቅሬታው ሲበርድለት መልሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ማታ “ተይው ባክሽ” ሊልሽም ይችላል። አንድ ጊዜ የተሸማቀቀ ሰው በአንድ ጥሪ አይመለስም፤ አያታችንን በስንት ልመና እንደመለስናት አስቢው፤ እንዲያውም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የቤት ሥራውን ነገር በሌላ ቀን፣ ለብቻው አንሺው። የመኝታ ሰዓቱንም እንደዚያው፤ እስከ 6 ሰዓት ማምሸት በማግሥቱ ሥራ ለሚገባ ሰው ይጎዳል፣ ይህን ስትዪውም ስለ እሱ ጤና ብለሽ ይሁን። ሽማግሌ ግን አትጥሪ። ሽማግሌ ሲገባ ተከሳሽ ይፈለጋል፤ እዚህ ቤት ተከሳሽ የለም። ዝምታው ከቀጠለ፣ ወይም ሥራ መቅረት፣ ምግብ መተው፣ ከልጁ መራቅ ካየሽበት፣ ሁለታችሁም ሆናችሁ ባለሙያ ጋ በአካል ቅረቡ፤ በደብዳቤ የማይታይ ነገር ፊት ለፊት ይታያል።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ የምታዪውን ድራማ ስም ጻፊልኝ። ከእኔ በፊት ግን ለእሱ ንገሪው።