የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የገባበት ተጎታች ካምፐር

ጥያቄ፦ ያገለገለ ተጎታች ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ማደሪያ፣ ገዝተን ነበር። በኋለኛው መስኮት ሥር ያለው የውስጥ ግድግዳ ልባስ አብጦ ቡናማ ሆኗል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም የሻጋታ ሽታ ይሸታል። ባለቤቴ ልባሱን ነቅለን አዲስ ኮምፔንሳቶ እንምታበት ይላል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከውስጥ ያለው ተሸካሚ እንጨት ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ልባሱ የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፤ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ ሳይገኝ የተመታ ኮምፔንሳቶ እንደ ቀድሞው አብጦ መነቀሉ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት መስኮቱን ብቻ አይጠርጥሩ። በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ ሾልኮ የገባ ውሃ በቋሚው እንጨት ላይ ቁልቁል ይወርድና ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ሲገታው እዚያው ይጠራቀማል፤ ስለዚህ እድፉ የሚናገረው ውሃው የት እንደቆመ እንጂ በየት እንደገባ አይደለም። ምንጩን ለማግኘት ልባሱን ካነሡ በኋላ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ብርሃን ሲመለከት፣ ሌላው በውጭ በኩል በጎማ ውሃ ያፍስስ። ውሃው ያለ ግፊት፣ ከታች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ እየቆየ ይፍሰስ፤ ከላይ ከተጀመረ ሁሉም መጋጠሚያ በአንድነት ስለሚርስ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም። ዝናብ በሌለበት ጊዜም እርጥበቱ ከቀጠለ ደግሞ የውሃ ቧንቧውን፣ እንዲሁም ከትንፋሽና ከማብሰያ እንፋሎት ተነሥቶ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የሚቋጠረውን ጠብታ መፈተሽ ይገባል።

ልባሱን ለማንሣት ሲነሡ የኤሌክትሪክ መስመሩን ያቋርጡ፤ የጋዝ ሲሊንደሩንም ይዝጉ፤ ሽቦዎች በግድግዳው ውስጥ ያልፋሉና። የሻጋታው ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ አፍንጫና አፍ መሸፈኛ አይሥሩ። ከዚያ እንጨቱን በወስፌ ይውጉት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይቋቋማል፤ ጠርዙን ሲፈለቅቁትም ረጅም ስንጣሪ ይሰጣል። የበሰበሰው ግን ወስፌውን ሳያንገራግር ያስገባል፤ ሲፈለቀቅም በአጭሩ ይቆረሳል፤ አንዳንዴም በጣት መካከል ይፈረፈራል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚሠራው እርጥበቱ ከ20 በመቶ ገደማ ሲበልጥ ነው። ሲደርቅ ይቆማል፤ የበላውን ጥንካሬ ግን ማድረቅ አይመልሰውም። የፈንገሱ ክሮችም ዓይን ከሚያየው ስለሚያልፉ መጋዙ ከብስባሹ ወሰን አለፍ ብሎ ጤነኛው እንጨት ውስጥ መግባት አለበት።

በዚህ ደረጃ ብዙዎች ይቸኩላሉ። የካምፐር ግድግዳ ቅርጹን የሚይዘው ቀጭኖቹ እንጨቶች ከውጭው ቆርቆሮና ከውስጡ ልባስ ጋር ተያይዘው ስለሆነ፣ ጣሪያውን ከሥር በድጋፍ ሳያስደግፉ ብዙ እንጨት በአንድ ጊዜ ማውጣት መስኮቱ ተመልሶ እስከማይገጥም ድረስ ግድግዳውን ሊያጣምም ይችላል። አንዱን አውጥተው አንዱን እየተኩ ይሂዱ። አሮጌውንና አዲሱን እንጨት ጫፍ ለጫፍ አያጋጥሙ፤ ሁለቱም በሰያፍ ይቆረጡና የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ይሁን። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ውሃ የማያስለቅቀው ኮላና የማይዝግ ብሎን ይጠቀሙ። እንጨት ውሃን አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ በኮላ የማይጣበቁትን ጫፎች ከመግጠምዎ በፊት ቀለም መቀባትን አይርሱ።

ግድግዳውን ለመዝጋት የእርጥበት መለኪያው ከ15 በመቶ በታች እስኪያሳይ ይጠብቁ፤ ማራገቢያ እየሠራ እንኳ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከውጭ በኩል የመስኮቱን ክፈፍ አውልቀው አሮጌውን ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ይፋቁ፤ ከክፈፉ ሥርም የቡቲል ቴፕ (ለስላሳ፣ ተጣባቂ የጎማ ማሸጊያ) ያንጥፉ። በአሮጌው ላይ ሲሊኮን ደርቦ መቀባትን አልመክርም፤ የደረቀ ሲሊኮን ላይ ሌላ ማሸጊያ፣ ራሱ አዲስ ሲሊኮንም ቢሆን፣ በደንብ አይይዝም፤ ቀጣዩን ጥገናም ያከብደዋል።

ጥያቄ፦ የበሰበሰውን እንጨት ሳያወጡ ፈሳሽ ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) እያጠጡ ማጠንከር አይቻልም?

መልስ፦ ክብደት በማይሸከም ቦታ፣ ለምሳሌ በቁም ሣጥን ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ብስባሽን፣ እንጨቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በዚህ መንገድ ማዳን ይቻላል። ለቋሚና ለአግዳሚ ግን አይሆንም፤ ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ እስከ ውስጥ አይዘልቅም፤ እርጥብ እንጨት ላይ ከፈሰሰም እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ስለሚያስቀር መበስበሱ ከጠነከረው ገጽ ሥር ይቀጥላል።