ጥንቸሎቻችን መታቀፍን ለምን ይጠላሉ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለልጆቼ ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች ገዝቼላቸው በረንዳው ላይ በሽቦ በተሠራ ቤት አስቀምጠናቸዋል። ጎመንና ካሮት ከእጃችን ይበላሉ፤ ልናነሣቸው ስንሞክር ግን ይራገጣሉ፣ ይቧጭራሉ፣ ሲያመልጡም ጥግ ይዘው ይሸጎጣሉ። ትንሿ ልጄ «አይወዱንም» እያለች ታለቅሳለች። ምን አጥፍተን ነው? እያደሩስ ይለምዱ ይሆን?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከእጃችሁ የሚበሉ ጥንቸሎች ጠልተዋችኋል ማለት አይቻልም፤ የሚፈሩት መነሣቱን ነው። የቤት ጥንቸል ዘሯ የሚመዘዘው በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ጉድጓድ ቆፍራ በኅብረት ከምትኖረው የዱር ጥንቸል ሲሆን፣ ያቺ ጥንቸል ከምድር ቀበሮ፣ ከሰማይ ንስር እያደነ የሚበላት እንስሳ ናት። እንዲህ ላለ ፍጥረት ከመሬት ብድግ ተደርጎ መያዝ መበላት ማለት ነው። ውሻና ድመት ራሳቸው የአዳኝ ዘር በመሆናቸው ፍርሃታቸው የዚህን ያህል አይደለም፤ ሰውም ከእነርሱ የለመደውን ከጥንቸል ሲጠብቅ ይከፋዋል።

ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ዙሪያዋንና ከበላይዋ ያለውን ሁሉ ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ቦታ ግን አታይም። ስለዚህ ልጆችዎ ከላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሲሰዱ መጀመሪያ የሚታያት ከሰማይ የሚወርድ ጥላ ነው፤ እጁ አፍንጫዋ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ይሰወርባትና ሳታስበው ይነካታል። በረንዳውም አሳስቦናል። በልኳንዳ ቤቶች ላይ ጭልፊትና አሞራ ሲያንዣብቡ በሚውሉበት ሰፈር፣ ጣሪያው ያልተሸፈነ የሽቦ ቤት ውስጥ ያለች ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ስትሳቀቅ ትውላለች። ከላይና ቢያንስ ከሁለት ጎን ይሸፍኑላቸው፤ በአንዱ በር ገብተው በሌላው የሚወጡበት ካርቶንም ያስገቡላቸው።

የመራገጡ ነገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥንቸል አጽም ከጠቅላላ ክብደቷ ከ7 እስከ 8 በመቶ ብቻ የሚሆን ቀላል አጽም ሲሆን፣ የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ወገቧ ሳይደገፍ ተንጠልጥላ ስትራገጥ የገዛ ጉልበቷ አከርካሪዋን ሰብሮ ሽባ ሊያደርጋት ይችላል። በጆሮዋ ማንሣትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። በጀርባዋ አስተኝተዋት ጸጥ ስትል «ተመቻት» የሚሉም አሉ፤ ያ ጸጥታ በአዳኝ እጅ የገባ እንስሳ በፍርሃት የሚደነዝዘው ድንዛዜ እንጂ ምቾት አይደለም።

ይለምዱ እንደሆነ ለጠየቁን፦ በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እናታቸው በምታጠባቸው ሰዓት አካባቢ የሰው እጅ የነካቸው ግልገሎች ሲያድጉ ሰውን እምብዛም አይፈሩም። የእርስዎዎቹ ያ ጊዜ ቢያልፋቸውም በትዕግሥት ይቀርባሉ፤ መታቀፉን ግን ጨርሶ ላይወዱት ይችላሉ፤ ይህንንም ለልጆቹ ቀድሞ መንገር ይበጃል። ጥንቸል የምትነቃቃው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ሲመሽ ወደ ሳሎን አስገብተው ይልቀቋቸው፤ ልጆቹም ወለሉ ላይ ይቀመጡና ራሳቸው እስኪመጡ ይጠብቁ። ሲቀርቡ ግንባራቸውንና ጉንጫቸውን በዝግታ ማሻሸት ነው፤ አገጭና ሆድ አይነካም። ጥርሷን በቀስታ ካፋጨች ደስ ብሏታል፤ በኋላ እግሯ ወለሉን ከደበደበች ግን ፈርታለችና ይተዋት።

የግድ መነሣት ሲኖርባት አዋቂ ሰው ያንሣት፦ አንዱ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ይሁን፣ አራቱም እግሮቿ የሚያነሣትን ሰው ደረት ተደግፈው ይያዙ። ካሮቱንም ስኳር ስለሚበዛበት ይቀንሱት፤ ዋና ምግባቸው ሣርና ድርቆሽ ነው። ደግሞም እስከ ትናንት ትቀርባችሁ የነበረች ጥንቸል በድንገት ከተሸጎጠችና ግማሽ ቀን ያህል ምግብ ካልቀመሰች ነገሩ ፍርሃት ሳይሆን ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያሳድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።