በቅሎ ካልወለደች ሕያው አይደለችም?

ይድረስ ለመምህር። የ9ኛ ክፍል ልጄ ሰባቱን የሕያዋን ባሕርያት (መመገብ፣ መተንፈስ፣ ማስወገድ፣ ማደግ፣ መንቀሳቀስ፣ ለአካባቢ ምላሽ መስጠት፣ መራባት) ስታጠና ቆይታ «እማዬ፣ በቅሎ አትወልድም፤ ታዲያ እንዴት ሕያው ሆነች?» ብላ አፋጠጠችኝ። እኔ ስለ በቅሎ የማውቀው እንደምትራገጥ ብቻ ነው። (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

ልጅዎን ይሳሙልኝ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ስይዝ ይህን የጠየቁኝ ተማሪዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ሌላው ሰባቱን ሸምድዶ ይሄድ ነበር።

አጎቴ ዳማ በቅሎ ነበረችው። አንድ ዓመት ኮርቻው ልጧት ጀርባዋ ገጣባ ሆነ። ቁስሉን በጨው ውኃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። መዳፌን የሚያክለው ቁስል ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መጣና በመጨረሻ ነጭ ፀጉር አበቀለ። ያየሁት ነገር የገባኝ ግን ኋላ ነው፦ ሴሎቿ ለሁለት እየተከፈሉ ይባዙ ነበር። መውለድ ያቃታት በቅሎዋ እንጂ ሴሎቿ አይደሉም።

እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ነው። ፈረስ በየሴሉ 64 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የተጻፈባቸው ክሮች) አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ወስዳ 63 ትይዛለች። ቆዳ ለመጠገን 63ቱን እንዳሉ መቅዳት ይበቃል። እንቁላል ለመሥራት ግን ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው፤ የባዝራዋና የአህያው ደግሞ በቁጥርም በቅርጽም አይገጥሙም። ሥራው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የወለደች በቅሎ ተመዝግባ ታውቃለች፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ሰባቱን ባሕርያት እያንዳንዷ ነፍስ የምትቀመጠው ፈተና አድርገን ያስተማርን እኛ ነን ያጠፋነው። መነኩሴ አልወለደም ተብሎ ከሕያዋን አይሰረዝም።

በቅሎ የምታስቸግረው ምደባ ላይ፣ ማለትም ሕያዋንን ከሰፊው ቡድን ወደ ጠባቡ ስንደረድር ነው። ስፍኗ እንስሳ፣ መደቧ አጥቢ፣ አስተኔዋ የፈረስ፣ ወገኗ ኢኩስ። እስከዚህ ሰተት ብላ ትወርዳለች። ዝርያ ላይ ስትደርስ በሩ ይዘጋል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ፈረስን ኢኩስ ካባለስ፣ አህያን ኢኩስ አሲነስ ብሎ መዝግቧቸዋል፤ ለበቅሎ ዛሬ የሚጻፍላት የሁለቱ ስም በማባዣ ምልክት ተያይዞ ነው። «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያልን እንስቅባታለን እንጂ አልዋሸችም፤ የእናቷ ወንድም ፈረስ ነው።

የሌሊት ወፍ ወፍ ናት ወይስ አይጥ? ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል። (ከሐረር)

ሁለታችሁም ተበልታችኋል። ፀጉር አላት፣ ልጇን ታጠባለች፤ ስለዚህ አጥቢ ናት። ክንፏ የረዘሙ የእጅ ጣቶች ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። ከአይጥም ተለይታ የራሷ ክፍለመደብ አላት። ለማረጋገጥ ብላችሁ በባዶ እጅ እንዳትይዟት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች።

ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እርሾ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ወር ሞላው። ሞቶ ይሆን? ለመሆኑ እርሾ ተክል ነው እንስሳ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጄ፣ ከሊጥ ላይ የሚቀዳው ያ ቢጫ ውኃ አንድ ፍጡር ሳይሆን ሰፈር ነው። የእርሾ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ተደባልቀው ይኖሩበታል። ለእንጀራ ዓይን የሚሰጠው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የሚያኮመጥጠው በዋናነት ባክቴሪያዎቹ የሚያስወግዱት ላክቲክ አሲድ። ሁለቱም የእነሱ ጥራጊ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አንድ ሳምንት ሙሉ ምጣድ ላይ ሆና በጎን ታየኝ ነበር።

ተክልም እንስሳም አይደለም። ሊኒየስ ፈንገስን ከእጽዋት ጋር ነበር የመደበው። አሜሪካዊው ሮበርት ዊታከር እ.ኤ.አ. በ1969 ሕያዋንን በአምስት ስፍን ሲከፍል ለፈንገስ የብቻውን ሰጠው። እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም፣ እንደ እኛም አይውጥም፤ ምግቡን ውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል። ባክቴሪያዎቹ ኒውክለስ (ክሮሞዞሞች የሚቀመጡበት የሴሉ እምብርት) ስለሌላቸው ሌላ ስፍን ውስጥ ናቸው። ስኒሽ ውስጥ ሁለት ስፍን አለ ማለት ነው።

ሞቷል ወይ ላልሽው፣ ክፍል ውስጥ አንድ ጠብታ እርሾ ሜቲሊን ብሉ ከሚባል ሰማያዊ ቀለም ጋር ቀላቅለን በማይክሮስኮፕ እናየው ነበር። የሞቱት ሴሎች ሰማያዊ ሆነው ይቀራሉ፤ ሕያዋኑ ቀለሙን ስለሚያጠፉት ነጣ ይላሉ። አንዳንዷ ጎኗ ላይ እንደ ቡቃያ ትንሽ ጉብታ ይዛ ትታያለች፤ እየተራባች ነው።

ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል እንጂ ሁሉንም አይጨርስም። ሻጋታ ካየሽበት ድፊው። ካላየሽ ሁለት ማንኪያ ወስደሽ ከጤፍ ዱቄትና ለብ ካለ ውኃ ጋር ለውሺና ክዳኑን ላላ አድርገሽ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሪው። ጎን ለጎን በሌላ ሳህን ዱቄትና ውኃ ብቻ፣ ያለ እርሾ ለውሰሽ አስቀምጪ፤ ዱቄቱ ራሱ ተሕዋስያን ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ከቆየ እሱም መንፋቱ አይቀርም። እርሾ የገባበት ቀድሞ ኩፍ ካለ ያንቺው አለ። ሁለቱ እኩል ከዘገዩ ግን ወደ አገር ቤት መደወል ይኖርብሻል።