የደከመ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክትን መልሶ ማቆም፦ ጥያቄና መልስ

ብዙ ሰርቨር የቆመባቸው፣ ግን የሚንከባከባቸው ሰው ያጡ ፕሮጀክቶችን በተመለከተ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች መልሻለሁ። ደጋግሜ የማነሳው የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥረውን ላይብረሪ፣ ኦፕንኤስኤስኤልን ነው፤ አወዳደቁም አነሣሡም በይፋ ተመዝግቧልና። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክቱ እየሞተ መሆኑን በምን እንለይ? ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) እኮ በየሳምንቱ ይገባል።

የኮሚት ብዛት ያታልላል፤ አብዛኛው ቦት የሚያስገባው የቨርዥን ማሻሻያ ሊሆን ይችላል። ጊት ሾርትሎግን (ኮሚቶችን በሰው የሚቆጥረውን ትእዛዝ) ባለፉት 12 ወራት ገድባችሁ፣ በጸሐፊ ሳይሆን በኮሚተር (ኮዱን ባስገባው ሰው) አስቆጥሩት። አንድ ስም ብቻ ከወጣ ፕሮጀክቱ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ ነው። በጊትሃብ ድረ ገጽ በኩል የገቡት ኮሚተራቸው «ጊትሃብ» ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ያጸደቀውን ሰው ለማወቅ ፑል ሪኩዌስቱን (ለውጡ እንዲገባ የቀረበበትን ጥያቄ) ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ተጠግኖ ዋናው ብራንች ውስጥ ገብቶ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚወጣ ቨርዥን) ሳይወጣለት የቆየ ነገር ካለ ፈልጉ። ተጠቃሚው የሚያወርደው ሪሊዙን ስለሆነ፣ ያልወጣ ጥገና ለእሱ እንዳልተጠገነ ነው።

ጥያቄ፦ ኦፕንኤስኤስኤልን ያስነሣው ገንዘብ አይደለም ወይ?

ገንዘቡ ረድቷል፤ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። እስከ 2014 ድረስ ከልገሳ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው ብቻ። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ስህተቱ ይፋ ሆነ። ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉት ቨርዥኖች ላኪው «ይህን ያህል ርዝመት ልኬያለሁ» ያለውን ሳያጣሩ ያምኑ ስለነበር፣ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ሜሞሪ መልሰው ይሰጡ ነበር። ስህተቱ ሪሊዝ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጧል።

ሊኑክስ ፋውንዴሽን ከኩባንያዎች ገንዘብ አሰባስቦ ሁለት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች እንዲከፈላቸው አደረገ። እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ግን ቡድኑ በጁን 2014 ያወጣውን ሰነድ ነው። የራሱን ጉድለት ዘርዝሮ ጻፈ፦ የተከማቸ ባግ (የኮድ ስህተት)፣ ያልተሟላ ዶክመንቴሽን፣ ወጥነት የሌለው የኮድ አጻጻፍ፣ የኮድ ግምገማ እጦት፣ የሪሊዝ ዕቅድ አለመኖር። ከዚያ አንድ በአንድ ሄደበት። ማንም ሰው የራሱን ኮድ ሌላ ሳያየው እንዳያስገባ ተደረገ፤ እያንዳንዱ ቨርዥን ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ታወጀ። ከሁሉም የበለጠ የሠራው የግምገማው ደንብ ይመስለኛል። የደከመ ፕሮጀክት የሚጎድለው ኮድ ጸሐፊ ሳይሆን ገምጋሚ ነው።

በ2015 መላውን ኮድ በአንድ ወጥ አጻጻፍ አስተካክለውታል። ይህን የምታስቡ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ተከፍተው የሚጠብቁ ፑል ሪኩዌስቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጋጫሉ። ለብቻው በሆነ ኮሚት ሥሩት፣ ከፊቱና ከኋላው ታግ አድርጉ፣ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረው የሚያሳየው ትእዛዝ) እንዲዘለውም የኮሚቱን መለያ በዝለል ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ ሥራውን ተረከብን እንበል። ከየት እንጀምር?

ከአዲስ ፊቸር አትጀምሩ። ምንም ያልተጫነበት ማሽን ላይ በዶክመንቴሽኑ ብቻ ለመገንባት ሞክሩ፤ የተሰናከላችሁበትን ሁሉ እዚያው ጻፉት። የቁልፎቹን ዝርዝርም አውጡ፦ ዶሜይን፣ የሪሊዝ መፈረሚያ ቁልፍ፣ የፓኬጅ አካውንት፣ የሲአይ (ኮዱን በራሱ የሚገነባና የሚፈትን ሲስተም) ምስጢሮች። እያንዳንዳቸው በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ቀጥሎ እስካሁን የተጠራቀሙትን ጥገናዎች ብቻ የያዘ ትንሽ ሪሊዝ አውጡ። መንገዱ የት እንደተበላሸ የሚታየው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ 900 ክፍት ባግ አለ። ቦት ይዝጋልን?

አይዝጋ እህቴ። ቦት የሚያየው ዝምታውን እንጂ ባጉን አይደለም፤ በሕይወት ያለ ስህተት ይዘጋና ሪፖርት ያደረገው ሰው ሁለተኛ አይመለስም። መጀመሪያ የደኅንነት ጉዳዮችን፣ ቀጥሎ ዳታ የሚያጠፉትንና ፕሮግራሙን የሚጥሉትን ለዪ። የቀሩትን «በአዲሱ ሪሊዝ ላይ እንደገና ይታያል ወይ?» ብለሽ ጠይቂና 30 ቀን ስጫቸው። ቴስት ያላቸውን አሮጌ ፑል ሪኩዌስቶች ራስሽ ሪቤዝ አድርጊያቸው (አሁን ባለው ኮድ ላይ መልሰሽ አስቀምጫቸው)፤ የጸሐፊው ስም ግን በቦታው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ኮሚት የማድረግ መብት ለማን እንስጥ? ከኤክስዚ ወዲህ ፈርተናል።

ፍርሃቱ ትክክል ነው። ኤክስዚ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ነው፤ ሰርጎ ገቡ ከ2021 ጀምሮ ጥሩ ሥራ እየላከ አመኔታ አተረፈ፤ በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች የደከመውን ሜንቴነር (ፕሮጀክቱን የሚንከባከበውን ሰው) «መብቱን አካፍል» እያሉ ወተወቱት። በማርች 2024 በቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ተገኘ። ያገኘው ፕሮግራመሩ አንድረስ ፍሮይንድ ነው፤ መነሻው በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት መክፈቻ) መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ተንኮሉን የሚያነቃው የግንባታ ስክሪፕት በጊት ውስጥ አልነበረም፤ በሪሊዙ ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነበር።

ስለዚህ መብቱን በደረጃ ስጡ፦ መጀመሪያ ባግ መለየት፣ ቀጥሎ መገምገም፣ ከዚያ ማዋሐድ፣ ሪሊዝ መፈረም መጨረሻ። ታርቦሉን ሲአይ ከታጉ ያዘጋጀው፤ ሌላ ሰው ደግሞ በራሱ ማሽን ሠርቶ ሃሹን (የፋይሉን አሻራ) ያመሳክር። ለመብት የሚቸኩል ሰው ሲመጣ፣ መቸኮሉ ራሱ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ሜንቴነሩ አይመልስም። ፎርክ እናድርግ (ኮዱን ቀድተን ለብቻችን እንቀጥል)?

መጀመሪያ በግል፣ ቀጥሎ በይፋ ጻፉለት፤ ጥቂት ሳምንታትም ጠብቁ። እስከዚያ የሊኑክስ ስርጭቶቹ ዴቢያንና ፌዶራ ለዚያ ፓኬጅ የያዟቸውን ፓች (የጥገና ለውጦች) ሰብስቡ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ጥገና እዚያ ተሠርቶ ይገኛል። ፎርክ የመጨረሻው ነው፤ ሆኖም መመለሻ የለውም ማለት አይደለም። አይኦ.ጄኤስ በ2014 መጨረሻ ከኖድ (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ተገንጥሎ በ2015 በኖድ 4.0 ተመልሶ ተዋሕዷል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፤ ጀማሪም ነኝ። ምን ልርዳ?

ስህተቱ የገባበትን ኮሚት በጊት ባይሴክት (ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ በሚፈልገው ትእዛዝ) ፈልግ፤ 1,000 ኮሚት በ10 ሙከራ ያልቃል። ግን በዴፕዝ 1 (የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ) ያወረድከው ክሎን ታሪኩን ስለማይይዝ ለዚህ አይሆንም። ብሎቦችን (የፋይል ይዘቶችን) የሚዘል ፓርሻል ክሎን አውርድ፤ ፋይሎቹን በሚያስፈልጉ ጊዜ ብቻ ያመጣል፤ ስለዚህ ባይሴክቱ ሲሄድ መስመሩ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ባይነሣ የሚሻል ፕሮጀክትስ አለ?

አለ፤ የተሻለ ምትክ ካለውና ተጠቃሚው መሻገር ከቻለ። የሚያበቃበትን ቀን አስቀድማችሁ አውጁ፣ የመሻገሪያ መመሪያ ጻፉ፣ የመጨረሻ የደኅንነት ሪሊዝ አውጡ፣ ከዚያ ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) አርካይቭ አድርጉት። የፓኬጁን ስም ግን አትልቀቁ፤ ሌላ ሰው ቢወስደው አሮጌ ሰርቨሮች በአሮጌው ስም የእሱን ኮድ ያወርዳሉ።